የሠዓሊውን ክፍል ያጠቡት እትዬ ጽጌ

የእትዬ ጽጌን ሞት የሰማሁት ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ አንዲት ደንበኛዬ ቤት ቁም ሣጥን እየገጠምኩ ሳለሁ ነው። የደወለልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር።

«ሳሙኤል፣ እትዬ ጽጌ ዛሬ ጠዋት ወደ ጌታ ሄዱ» አለኝ።

«ምን ሆነው? ትናንት በስልክ ሲቆጡኝ ነበር እኮ!»

«ምንም አልሆኑም። ልብሳቸውን አጥበው፣ አስጥተው፣ ባልዲውን ደፍተው፣ ወንበር ላይ ዐረፍ እንዳሉ ነው የተገኙት። ልብሱ እንኳ ገና አልደረቀም።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሞት ራሱ ደጃቸው ላይ ቆሞ «ጨርሰው ይሆን?» እያለ ሲጠብቃቸው ታየኝና ነው የሳቅሁት። ደንበኛዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ጥሩ ዜና ነው?» አለችኝ። «አይ፣ የምወዳቸው ሰው ሞተውብኝ ነው» ስላት መዶሻውን ከአጠገቤ አንስታ ይዛው ገባች። እንባው የመጣው በኋላ፣ ወደ ቤት ስመለስ ማታቱ በሚሉት የናይሮቢ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሶፍት አቀበለኝ። ሶፍቱ ትንሽ አደፍ ያለ ነበር። እትዬ ጽጌ ቢያዩት ኖሮ ከእጄ ይቀሙኝ እንደነበር ሳስብ እንደገና ሳቅሁ። ሰውዬው ወንበር ቀየረ።

እትዬ ጽጌ ቁመታቸው የእኔን ክርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዘወትር የላስቲክ ቦቲ ይጫማሉ፣ ከቦርሳቸው የማይለይ አንድ ጨርቅ ነበራቸው፣ ገና ከሩቅ በረኪና በረኪና ይሸታሉ። ቤታቸው የሄደ ሰው ጫማውን አውልቆ ብቻ አያልፍም፤ ካልሲውንም ገልብጦ ያሳያቸዋል። «እግዚአብሔር አዳምን ከጭቃ ሠርቶ ሲጨርስ መጀመሪያ ያደረገው እጁን መታጠብ ነው። አልተጻፈም እንጂ አድርጎታል» ይሉ ነበር። ይህን የተናገሩት ለመጋቢያችን ነው። መጋቢያችንም ከአንድ እሁድ ወዲህ እትዬ ጽጌን በነገር አይገጥሙም። በዚያ እሁድ «ልባችንን እናንጻ!» እያሉ ሲሰብኩ እትዬ ጽጌ ከሁለተኛው ረድፍ ተነሥተው ወደ መድረኩ ወጡ፤ ጨርቃቸውን አውጥተው አትሮንሱን ከላይ እስከ ታች ጠረጉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። በኋላ ሰው ሲጠይቃቸው «ልብን እሳቸው ያንጹ፤ እኔ እጄ የሚደርስበትን ነው ያነጻሁት» አሉ።

እንዲህ ላሉት ሴት እግዚአብሔር የሰጣቸው ወንድም ሠዓሊ ነው።

ታናሽ ወንድማቸው ደርበው ይባላል። ስሙን ያለ ጋሽ የምጠራው ባለጌ ሆኜ አይደለም። አንድ ቀን «ጋሽ ደርበው» ብዬ አንቱ ስለው እትዬ ጽጌ ተቆጡኝ። «ሽንት ጨርቁን ያጠብኩለትን ልጅ አንቱ አትበልብኝ፤ ያረጀሁ ይመስለኛል» አሉኝ። ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱ በስደት ከሞያሌ በከብት መኪና ተጭነው ናይሮቢ ሲገቡ፣ እሱ በእጁ የያዘው ብሩሽ፣ እሳቸው የያዙት አንድ ሙሉ ሳሙና ብቻ ነበር ይባላል። ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ግማሹን እመኑ።

እትዬ ጽጌ ኪሌሌሽዋ በሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ አዛውንት ጠበቃ ቤት ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ። ከግቢው ጀርባ ናይሮቢ ውስጥ «ኤስኪው» የሚሏት ባለ ሁለት ክፍል የሠራተኛ ቤት ነበረች። አንዱ ክፍል የእሳቸው ሆነ። ሌላው የደርበው ሆነና ሠላሳ ዓመት ሥዕል ተሣለበት። ኢስትሌ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሴቶች፣ የሞያሌ ከብት ነጋዴዎች፣ ዝናብ ላይ ቆመው ማታቱ የሚጠብቁ ሰዎች፣ ሁሉም ከዚያች ክፍል ነው የወጡት። ከእነሱ ጋር ደግሞ የቀለም ክዳን፣ የተርፔንታይን ሽታ፣ የደረቀ የቻፓቲ ቂጣ፣ ብሩሽ የተነከረበት የሻይ ስኒ ይከማቻል። ደርበው የሻይ ስኒውንና የብሩሽ ስኒውን ለይቶ አያውቅም ነበር ይባላል። ይህኛውን ሙሉውን እመኑ።

እትዬ ጽጌ ገብተው እንዳያጸዱበት ደርበው በራፉ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ቀይ መስመር ሣለ። «ጽጌ፣ ከዚህ ወዲህ የኔ አገር ነው» አላቸው። እሳቸውም ምሳውን በሳህን አምጥተው መስመሩ ላይ ያስቀምጣሉ። ነገር ግን እግራቸውን ሳያነሡ የመጥረጊያውን እጀታ በተቻላቸው ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰዳሉ። «ጽጌ! መስመር!» ይላል ከሸራው ጀርባ። «እኔ የት አለሁ? የተሻገረው መጥረጊያው ነው» ይላሉ። እሱም በየዓመቱ መስመሩን እያሰፋ ሄዶ መጨረሻ ላይ አንድ ክንድ ሞላ። እሳቸው ደግሞ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ገዙ።

ደርበው የሞተው ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሆስፒታል ገብቶ ነው። ለቀብሩ ሦስት ቀን ስንጠብቅ እትዬ ጽጌ የሥዕል ክፍሏን ከውስጥ ቆልፈው ለብቻቸው ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በሩ ላይ ቆመው «ጸሎት ይዛለች፣ አትረብሿት» እያሉ ሰውን ይመልሱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወጡ፤ በሩ ላይ የጡጫ ያህል ጓጉንቸር ቆለፉበት፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባም።

እንደ ብዙ ሠዓሊ ደርበውም የተከበረው ከሞተ በኋላ ነው። ሥዕሎቹ ሩንዳ ሰፈር ያሉ ዲፕሎማቶች ሳሎን ውስጥ ተሰቀሉ፤ ስለ እሱ መጽሐፍ ወጣ። በዚህ መሃል አዛውንቱ ጠበቃ ሞቱና ልጆቻቸው ግቢውን ፎቅ ለሚሠራ ሰው ሸጡት። ኪሌሌሽዋ ውስጥ ያልተሸጠ የድሮ ግቢ ፈልጋችሁ ካገኛችሁ ንገሩኝ። ቤቱ በስድስት ሳምንት ውስጥ እንደሚፈርስ ተነገረ።

ዋንጂሩ ወደ ታሪኩ የገባችው ያኔ ነው። ከተማው ውስጥ በአንድ የሥነ ጥበብ ቤት የምትሠራ፣ ቅርስ የመጠበቅ ትምህርት የተማረች ሴት ናት። በልጅነቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ደርበው ዘንድ እየሄደች ሥዕል ተምራለች። ሐሳቧ የደርበውን ክፍል እንዳለች ማንሣት ነበር። ወለሉን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ መሬት የወደቀውን ሁሉ ወስዳ የሥነ ጥበብ ቤቱ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንደነበረ ልትተክላት አሰበች። እኔን የእንጨቱን ሥራ እንድሠራ ቀጠረችኝ። እትዬ ጽጌ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ፉንዲ» ይሉኝ ጀመር፤ በስዋሂሊ ባለ እጅ ማለት ነው። በእሳቸው አፍ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ስድብ ይመስል ነበር።

ዋንጂሩ ልትጎበኝ ስትመጣ እትዬ ጽጌ «ቁልፉ ጠፍቷል» አሏት። በሁለተኛው ሳምንት ስትመጣ «ተገኝቷል፤ ግን የሌላ በር ሆነ» አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግሥ በሌለው ስዋሂሊያቸው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ቁልፉን አይጥ እንደወሰደው አስረዱ።

ዋንጂሩ በጣም ጨዋ ናት። «አይጥ? በእርስዎ ቤት፣ ማማ ጽጌ?» አለች በቀስታ።

እትዬ ጽጌ እንደ በርበሬ ቀሉ። «በእኔ ቤት አይጥ የለም!» ብለው ጮኹ። ከዚያ የተናገሩት ገባቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዋንጂሩ ፈገግ ብላ «እንግዲያው ሰኞ እመጣለሁ፣ በሩ ይከፈታል» ብላ ሄደች።

መኪናዋ ከግቢው እንደወጣች እትዬ ጽጌ እጅጌዬን ጎተቱኝ።

«ፉንዲ፣ ምስጢር ትይዛለህ?»

«እይዛለሁ።»

«ወንድ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» ብለው ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው በሩን ከፈቱት።

ክፍሏ እንደ ማዋለጃ ክፍል ታበራለች። ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ወለሉ ቀይ የወለል ሰም ጠጥቶ ፊት ያሳያል፤ የራሴን አፍ ተከፍቶ አየሁት። ብሩሾቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ብርጭቆ ውስጥ ቆመዋል። የሥዕሉ ማቆሚያ ተልጎ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ቀለም የሚደባለቅበት ጣውላ ታጥቦ የዳቦ መቁረጫ መስሏል። ባዶ የነበረው መስኮት ላይ ደግሞ ዳንቴል መጋረጃ ተሰቅሏል።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«አጸዳሁ።»

«ሁሉንም?»

«የቀረ ካለ አሳየኝ፤ አሁን እጠርገዋለሁ።»

ያ የሦስት ቀን ጸሎት ይህ ነበር። ሳቄን ዋጥኩ፤ ፊታቸው የሚሳቅበት አልነበረም። «ሴትዮዋ ይህን ካየች ትተወዋለች። ከተወችው ደግሞ የደርበው ክፍል ከግንቡ ጋር በማሽን ይታፈሳል» አሉኝ። «ስለዚህ እስከ ሰኞ እናቆሽሸዋለን።»

አራት ቀን ነበረን። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሄጄ የዘይት ቀለም ገዛሁ። የመጀመሪያው ችግር እትዬ ጽጌ ማቆሸሽ አለመቻላቸው ነው። በማንኪያ ቀለም ይረጩና ጠብታው ወለሉን ሳይነካ ጨርቁ ይደርስበታል። «እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው» ይሉኛል። ስለዚህ እኔ እንድረጭ፣ እሳቸው እጃቸውን አጣምረው እንዲቀመጡ ተስማማን። ያን ጊዜ ሁለተኛው ችግር መጣ።

«እንዲህ አይደለም የሚፈሰው! ደርበው ግራኝ ነው። ብሩሹን ሲያራግፍ ወደ መስኮቱ ነው የሚሄደው።»

«እሺ። እዚህስ?»

«እዚያ ጋ ቀለም ወድቆ አያውቅም፤ እግሩን የሚያሳርፍበት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሰማያዊ ጠብታ ነበረች። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። በረኪና እምቢ ብላኝ በምላጭ ነው የፋቅኋት። ከአጠገቧ አረንጓዴ፣ ረዘም ያለች፣ ጭራ ያላት። እሷ አላስቸገረችኝም።»

ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ። ሴትዮዋ በጉልበታቸው እየሄዱ ወለሉን በጣታቸው ይነካሉ፤ ምንም በሌለበት ወለል ላይ አንድ በአንድ ይቆጥሩልኛል። ያ ሁሉ ጠብታ በጭንቅላታቸው ውስጥ እንዳለ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ የገባኝ አይመስለኝም፤ የማስበው ስለ ሰኞ ነበር።

ዋንጂሩ ሰኞን አልጠበቀችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜትሯን ይዛ መጣች። በሩ ክፍት ነበር። እኔ ቀይ ቀለም የያዘ ጭልፋ ወደ ላይ እንዳነሣሁ፣ እትዬ ጽጌ «ጨምር፣ ጨምር፣ እሱ ቀይ አይሰስትም!» እያሉ ሳለ ደረሰችብን።

ከጭልፋው አንድ ጠብታ ጫማዬ ላይ ወደቀ።

እትዬ ጽጌ ቀድመው ነቁ። «ካሪቡ!» አሏት፤ ግቢ፣ እንኳን ደህና መጣሽ እንደማለት። ዋንጂሩ ገብታ ነጩን ግድግዳ፣ ዳንቴሉን፣ ያልደረቀውን ቀለም ተራ በተራ አየች። ጣቷን ነክራ አሸተተች።

«እዚህ ቦታ» አለች ጥጉን እያሳየች፣ «የምቀመጥበት ሣጥን ነበር። ግድግዳው ላይ ደርበው ቁመቴን በእርሳስ ይለካ ነበር። የት ሄደ?»

እትዬ ጽጌ ጨርቃቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። እኔም ጭልፋውን የማስቀምጥበት አጣሁ።

«እኔ የምጠብቀው የነበረውን ነው። የሌለውን አልሠራም። ይህን ለሕዝብ እውነት ነው ብዬ ማሳየት አልችልም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል ይሻል ነበር። ስትወጣ ቀዩን መስመር ፈልጋ ወደ ታች አየች። እሱም ታጥቧል።

በማግሥቱ ሥራው መቅረቱን የሚናገር መልእክት በስልኬ ደረሰኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እትዬ ጽጌ ስልክ አላነሡም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልመጡም። ሐሙስ ቀን ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ከፍተው «ግባ» አሉኝ። ጫማዬን አላዩም። ወጥ ቤት ውስጥ ያልታጠበ ስኒ ተቀምጧል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ ስኒ አስፈራኝ። ሐኪም ልጥራ ብዬ ስልኬን ማውጣት ጀምሬ ነበር።

«ፉንዲ፣ ለምን እንዳጸዳሁት ጠይቀኸኝ አታውቅም» አሉኝ።

«ለምን አጸዱት?»

«ለቀስተኛ ሊመጣ ነው። ያን ጉድ አይተው 'ሞተ፤ ለካ እንዲህ ነበር የሚኖረው' እንዲሉት አልፈለግሁም። ይህ አንዱ ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሌላው ደግሞ፣ በሩ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ቆምኩ። 'ጽጌ! መስመር!' እስኪለኝ ጠበቅሁ። ማንም አልተናገረም። ተሻገርኩት። ከተሻገርኩ በኋላ የምሠራው ጠፋኝ። እኔ ደግሞ የምሠራው ሲጠፋኝ የማውቀው አንድ ነገር ነው።»

አልጋቸው ጋ ሄደው ተንበረከኩ። ነጩን አልጋ ልብስ ወደ ላይ ገልጠው «ና ሳብ» አሉኝ። ከአልጋው ሥር አምስት ጆንያ ወጣ። አፋቸው በሲባጎ ታስሯል።

«ምንድን ነው?»

«ጠርጌ ያወጣሁት። መጣል አቃተኝ።»

ናይሮቢ ካሉ ሴቶች ሁሉ ንጹሕ የሆኑት ሴት ያን ሁሉ ዓመት አምስት ጆንያ ቆሻሻ ላይ ተኝተው ነው የኖሩት። ሳቅሁ፤ እሳቸውም መጀመሪያ ተቆጥተው ኋላ ሳቁ። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ጆንያ ተደግፈን እስኪያመን ሳቅን።

«ለሰው ብትናገር በረኪና አጠጣሃለሁ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው «ወደ ሴትዮዋ ግን ውሰደኝ» አሉኝ።

የጓደኛዬን ፒክአፕ ተውሼ ወሰድኳቸው። የሥነ ጥበብ ቤቱ በር ላይ ያለው አስካሪ፣ ማለትም ዘበኛው፣ ጆንያዎቹን እፈትሻለሁ አለ። ከመጀመሪያው እጁን ሰዶ እንደ ድንጋይ የደረቀ ካልሲ አወጣ። ከዚያ ግማሹ የተበላ ቻፓቲ አወጣ፤ በጥፍሩ ቢያንኳኳው ጣውላ መሰለ።

«ማማ፣ ይሄ ቆሻሻ ነው» አላቸው።

«የሚገባህ ሰው ብትሆን ኮፍያህን ታወልቅለት ነበር!» አሉት፤ በአማርኛ። ሰውዬው ምን እንዳሉት አልገባውም፤ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

ዋንጂሩ ቢሮዋ ውስጥ ስታየን አልተነሣችም። እትዬ ጽጌ ስዋሂሊና ግሥ ፍለጋ አልደከሙም። የመጀመሪያውን ጆንያ አፍ ፈትተው ፊቷ አስቀመጡትና ወደ ኋላ ሄዱ። የተርፔንታይኑ ሽታ ቢሮውን ሞላው። ዋንጂሩ ጎንበስ አለች። እንደ ተበላ ሸንኮራ የተጨመቁ የቀለም ቱቦዎች፣ ጨርቆች፣ የእርሳስ ቅራፊ፣ ጀርባው ላይ የሰው እጅ የተሣለበት የጋዜጣ ቁራጭ፣ ብሩሽ ደርቆ የተጣበቀበት የሻይ ስኒ አወጣች። ስኒውን ስታይ ወንበሩን ሳትፈልግ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አምስት የሆነው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ተረጎምኩላቸው።

«አራት ማዕዘንና መሃሉ» አሉ እትዬ ጽጌ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟቸው። «ባለሙያ እንዴት ነው የሚጠርገው? ጥግ ጥጉን ለየብቻ ነው። ይህ የመስኮቱ ጥግ ነው። ያ የበሩ።»

ዋንጂሩ ጆንያዎቹን አየች፤ እሳቸውን አየች። «ግድግዳውስ?»

«ፍቄ አልፋቅ ሲለኝ ከላይ ቀባሁት።»

«ከላይ? ታዲያ ከሥር አለ ማለት ነው?»

«የት ይሄዳል?»

ዋንጂሩ ያኔ ነው የተነሣችው። በነጋታው ሠራተኞቿን ይዛ ኪሌሌሽዋ ነበረች። ነጩን ቀለም በጥንቃቄ ሲያነሡት ከሥሩ የደርበው ግድግዳ ብቅ አለ። በጥጉ ዝቅ ብሎ የእርሳስ መስመሮች ነበሩ፤ አንዷ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ቁመት ላይ። ዋንጂሩ መስመሯ ጋ ሄዳ ቆመች። መስመሯ ደረቷ ጋ ደረሰች። ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ቆይታ «ሥራ!» አለችን።

ግቢው ሊፈርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ጣውላ ጭነን ወጣን።

አዳራሹ ውስጥ ክፍሏን መልሰን ስንተክል እትዬ ጽጌ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በመጥረጊያ እጀታ ያዝዙን ነበር። እኔ የማውቃቸው ጄኔራሎች ሁሉ በእሳቸው ፊት ሕፃን ናቸው። «ወደ ግራ። የአንተ ግራ አይደለም፣ የደርበው ግራ። እዚያ ጨርቅ ጣል። ጣል አልኩህ እንጂ አስቀምጥ አላልኩህም! ሰው የጣለውና ሰው ያስቀመጠው እኩል አይደለም።» የሣጥኑን ቦታ በተመለከተ ከዋንጂሩ ጋር ግማሽ ቀን ተጨቃጨቁ። አንዷ የተቀመጠችበት ናት፤ ሌላዋ ከሥሩ የጠረጉ ናቸው። በመጨረሻ ወለሉ ላይ የሣጥኑን እግር ጭረት አገኘንና ዋንጂሩ ተሸነፈች። እትዬ ጽጌ በድላቸው ደስታ ለሁላችንም ሻይ አፈሉ፤ ስኒውን ግን ሁለት ጊዜ አጠቡት።

ዋንጂሩ አንድ ነገር ላይ አልተበገረችም። እውነቱ በር ላይ ይጻፋል አለች። እንዲህ ተጻፈ፤ «ይህን ክፍል የሠዓሊው እኅት አጽድተውት ነበር። ያወጡትን ጠብቀው፣ የፋቁትን አስታውሰው መልሰው ሠርተውታል።» እኔ ያፍራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው አስተርጉመው ሁለት ጊዜ ሰሙና «አጽድተውት የሚለው ቃል ፊደሉ ከፍ ይበል» አሉ።

ክፍሏ ከተከፈተች በኋላ እትዬ ጽጌ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎብኚ እንዲያስረዱ ተደረገ። በዚያው ግሥ በሌለው ስዋሂሊያቸው አስረዱም። አረንጓዴዋን ጠብታ ለአንድ የትምህርት ቤት ቡድን፣ ደርበው አህያ ሲሥል አህያዋ ስትራገጥበት የፈሰሰች ናት አሏቸው። ለሚቀጥለው ቡድን በልደቱ ቀን የፈሰሰች ናት አሉ። ዋንጂሩ «ማማ ጽጌ፣ ባለፈው ሌላ ነበር ያሉት» ስትላቸው «ያ ያለፈው ሳምንት ነው» ይሏታል። ልጆቹ ይወዷቸው ነበር። ሁሉንም እጃቸውን አስታጥበው ነበር የሚያስገቧቸው።

ከቀብራቸው በሦስተኛው ቀን ዋንጂሩ ደውላ «ፉንዲ፣ ና፤ የምጠይቅህ አለ» አለችኝ። ዝናብ ነበር። አዳራሹ ባዶ ነው። ወደ መስኮቱ ጥግ ወሰደችኝና ወለሉ ላይ ያለች የእጅ መዳፍ የምታህል ቢጫ እድፍ አሳየችኝ። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ፕሮፌሰር እዚያች እድፍ ፊት ተንበርክኮ «የመጨረሻ ዘመኑ ብርሃን» ብሎ ፎቶ አንሥቷታል።

«ይህን ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

አውቀዋለሁ። ክፍሏን ስንተክል አንድ ቀን ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው እኔና እትዬ ጽጌ ብቻ ቀርተን ነበር። የያዙት ሳህን ከእጃቸው አምልጦ የአተር ክክ አልጫው እዚያ ተደፋ። እኔ ዘልዬ ጨርቅ አነሣሁ። እጄን ያዙኝ።

«ተወው።»

«እትዬ?»

«ተወው አልኩህ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ልድፋ።» ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እንደ ልጃገረድ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን የሰው ስጠርግ ኖሬ፣ መድፋት እንዴት ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝም» አሉኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።

መሐላዬን አፈረስኩና ለዋንጂሩ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ አውቃለሁ» አለች። «እይ።»

ከግድግዳው ሥር እስከ ቢጫዋ እድፍ ድረስ ጥቃቅን ጉንዳኖች ተሰልፈው ይመላለሱ ነበር።

«ቀለም ጉንዳን አይጠራም» አለች።

«ታዲያ ለምን አልጠረግሽውም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ዋንጂሩ የክፍሏ ዕቃና ጠብታ ሁሉ በቁጥር የተመዘገበበትን ትልቅ መዝገብ ከጠረጴዛ አምጥታ ገለጠች። የዚህች እድፍ ቁጥር አለ፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። እስክሪብቶዋን አወጣች።

«የማን ልበል?»

«የጽጌ።»

ጻፈች። «ምንነቱስ?»

«ምሳ።»

እሱንም ጻፈች። ጉንዳኖቹን አየት አደረገች።

«ጥሩ ምሳ ነበር?» አለችኝ።

«ጨው በዝቶበት ነበር» አልኳት።

እሱንም ጻፈችው።